የእናታችሁን ጥርስ መቼ አያችሁት? በጎጃም ላሉ አረጋውያን የጥርስ ጤና መመሪያ

«የእርጅና ነው።» ጥርስ ሲነቃነቅ የእርጅና ነው፣ ድድ ሲደማ የእርጅና ነው፣ ቆሎ መቆርጠም ሲያቅት የእርጅና ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ የፈለጋችሁት ቤት ግቡ፤ ስድሳን የተሻገረ ሰው ስለ ጥርሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ይህች አባባል ያስነቀለችው ጥርስ ብዛት ያሳዝነኛል። ጥርስ በእድሜ ብቻ አይወልቅም። የሚያወልቀው በሽታ ነው። በሽታው ደግሞ መነሻው ይታወቃል፣ ብዙውን ጊዜም ባለበት ማስቆም ይቻላል።

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1989 «80 ዓመት ሲሞላን 20 ጥርስ ይኑረን» ብለው ዘመቻ ጀመሩ። ያኔ በዚያ እድሜ ያን ያህል ጥርስ የነበራቸው በጣም ጥቂቶች ነበሩ። በ2016 ሲታይ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሰማንያ ዓመት ሰዎች ሃያ ጥርሳቸውን ይዘው ተገኙ። እርጅና ለጃፓን ሰው አልቀረለትም፤ ጥርሱን መጠበቅ ስለተማረ ነው። ሃያ የተባለበትም ምክንያት አለው። ትልቅ ሰው ሲሟላለት 32 ጥርስ አለው፤ ሃያ ያህሉ ከቀረለት አብዛኛውን ምግብ ሰው ሰራሽ ጥርስ ሳያስፈልገው አኝኮ መብላት ይችላል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለልጆች ነው፤ ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ወላጆቻችሁ አገር ቤት ላሉ፣ አንድ ቤት አብራችሁ ለምትኖሩም። አረጋውያን ስለ ጥርሳቸው አይናገሩም። ልጅ ማስቸገር፣ ወጪ ማብዛት አይፈልጉም። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ውስጡ እያመመው ይስቃል። እናታችሁ ስቃ ተቀብላችሁ ስቃ ስለሸኘቻችሁ ደህና ናት ማለት አይደለም። ስለዚህ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ እዩ።

አፍ እንዴት ይታያል?

በቀን ብርሃን ደጅ ላይ አስቀምጧቸው፣ ወይም የስልክ ባትሪ አብሩ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። «እማየ፣ እስቲ አፍሽን ክፈችልኝ» ብትሏት መጀመሪያ ታፍራለች፣ «ምኑን ልታይ ነው፣ ያለቀ ጥርስ» ትላለች። አትተዉት። ቀለል አድርጋችሁ፣ እየተጫወታችሁ እዩ።

ከንፈሯን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉና ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ድዱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል? ጥርሱ ሥር ቢጫ ወይም ቡኒ ሆኖ የጠነከረ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ? ጥርሱን በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ብትገፉት ይነቃነቃል? ድዱ አጠገብ ጥርሱ ለስለስ ብሎ የጠቆረ ቀዳዳ አለው? ከዚያ ምላስን ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስደርጋችሁ ሥሩንና ጎኑን እዩ፤ ጉንጭን ከውስጥ፣ ላንቃን ከላይ። ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት፣ ያልዳነ ቁስል ፈልጉ። ሰው ሰራሽ ጥርስ ካላቸው አስወልቃችሁ ከሥሩ ያለውን እዩ እንጂ ከነጥርሱ አይታችሁ አትለፉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ብዙ እናቶች ድዳቸውን በልጅነታቸው ተነቅሰዋል። የተነቀሰ ድድ ጠቁሮ ስለሚታይ የድድ በሽታ ምልክት የሆነውን መቅላት ይሸፍነዋል። ታዲያ በቀለሙ አትተማመኑ። በነጭ ጨርቅ ወይም በንጹህ ጥጥ ድዱን ቀስ ብላችሁ ጠረግ አድርጉትና ደም ይዞ ከወጣ እዩ። ጤነኛ ድድ እንዲህ በቀላሉ አይደማም። ማበጡንም በመዳሰስ ታውቃላችሁ።

ከአፍ ውጭ ያለውንም ታዘቡ። ሥጋ ሲቀርብ እጃቸውን ወደ ሽሮው ብቻ የሚዘረጉ ከሆነ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚያኝኩ ከሆነ፣ ቀሚሱ እየሰፋ ከመጣ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ከሆነ፣ ሌሊት ለውኃ ደጋግመው የሚነሱ ከሆነ፣ ሁሉም ስለ አፋቸው የሚነግራችሁ ነገር አለ።

ያያችሁት ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያው የድድ በሽታ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ይደነድንና የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ባክቴሪያው እዚያ ተጠግቶ ድዱን ያስቆጣዋል፣ ከዚያ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ክፋቱ ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ሰውየው የሚያውቀው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የተበላው አጥንት ተመልሶ አይበቅልም። ድንጋዩ ሐኪም ቤት በመሣሪያ ሲታጠብና የቤት ጽዳቱ ሲስተካከል ግን በሽታው ሊቆም ይችላል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ሲታጠብ ጥርሱ የሳሳ የሚመስለው ሸፍኖት የነበረው ድንጋይ ስለተነሳ ነው። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይሰማው ይሆናል፣ ያልፋል።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጋ የድድ በሽታ ይከፋል፤ የድድ በሽታው ደግሞ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። አባታችሁ የስኳር መድኃኒታቸውን በትክክል እየወሰዱ ስኳሩ አልወርድ ካለ አፋቸውን እዩ። ሲጋራ ወይም ጋያ የሚያጨስ ሰውም እንዲሁ ለድድ በሽታ ይጋለጣል። የአጫሽ ድድ ብዙም ላይደማ ስለሚችል ደግሞ ጤነኛ መስሎ ያታልላል።

ሁለተኛው ሥሩ ላይ የሚጀምር የጥርስ መቦርቦር ነው። የጥርስ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ሥሩ ግን የለውም። ድዱ ሲሸሽ ሥሩ ይራቆታል፣ ስኳርና አሲድ ቶሎ ይበላዋል። ለዚህ ነው እስከ ሃምሳ ዓመቱ አንድ ጥርስ ያልተቦረቦረበት ሰው በስድሳዎቹ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ጥርስ የሚበላሽበት። ትል በላው ይባላል። ትል የለም፤ ጥርሱን የሚበላው ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጠው ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ከተሞላ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ከዘገየ ወደ ነርቭ ይደርሳል፣ ያኔ ወይ ሩት ካናል፣ ማለትም የታመመውን ነርቭ አውጥቶ መሙላት፣ ወይ መነቀል ይመጣል።

ሦስተኛው የአፍ መድረቅ ነው። እኔን እንደሚመስለኝ በጣም የተዘነጋው ይህ ነው። ምራቅ ጥርስን የሚያጥብ፣ አሲዱን የሚያበርድ ነገር ነው። እርጅና ብቻውን ምራቅን ያን ያህል አያደርቅም፤ የሚያደርቁት ብዙ ጊዜ መድኃኒቶች ናቸው። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለሕመምና ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ የአለርጂ ኪኒኖች ሁሉ አፍ ያደርቃሉ። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ ድዱን ያሳብጠዋል፣ ጥርሱን እስኪሸፍነው ድረስ ሊያድግ ይችላል። እንዲህ ስላችሁ ግን ማንም ሰው መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ። ግፊት ይገድላል። የምታደርጉት ኪኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ለሰጣቸው ሐኪም ማሳየትና «አፋቸው ደረቀ፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ ነው።

አራተኛው፣ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ ወይም የማይጠፋ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ነው። ከንፈር ላይም ይሁን ምላስ ጎን፣ ቢያምም ባያምም፣ ለካንሰር መታየት አለበት። ትንባሆና አልኮል ሲደመሩ አደጋው ይብሳል፤ አረቄ ቤት ውስጥ በሚወጣበት አገር ይህን አለመናገር አይቻልም። ከሁለት ሳምንት በላይ አትጠብቁ።

በየቀኑ ምን ይደረግ?

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፤ ጠንካራ ብሩሽ የሸሸ ድድ ላይ ሥሩን ይፍቀዋል። ብሩሹን ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ ዘንበል አድርጎ በትንንሹ ማዞር እንጂ እንደ መጋዝ መፈግፈግ አይደለም። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው ከሆነ የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩላቸው፣ መጨበጥ ይቀላቸዋል።

ኮልጌት ስትገዙ ዋጋውንና ቀለሙን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ እንዳለው እዩ፤ መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ቢሆን ጥሩ ነው። ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ያ በዋናነት የስምጥ ሸለቆ ነገር ነው፤ እዚያ በውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከልክ ስለሚያልፍ የልጆች ጥርስ ገና ከድድ ሥር እየተሠራ ሳለ ይበላሻል። ጥርሱ ወጥቶ ላለቀ አዛውንት በኮልጌት ላይ ያለው ፍሎራይድ ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ለተራቆተ ሥር። ከፋቁ በኋላ አረፋውን ይትፉ፣ ነገር ግን በብዙ ውኃ አይጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ቢቆይ ይሻላል።

መፋቂያስ? መፋቂያ መጥፎ አይደለም። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰና በትዕግሥት ከተፋቀ ቆሻሻውን ያነሳል፤ አባቶቻችን ሲኖሩበት ኖረዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰዉ የሚፍቀው የፊት ጥርሱን ነው፣ መንጋጋው ጋ በተለይም በውስጥ በኩል አይደርስም። ሁለተኛ፣ ፍሎራይድ የለውም። ስለዚህ አባታችሁ ብሩሽ አልወድም ካሉ አትጨቃጨቁ። ጠዋት በመፋቂያቸው ይፋቁ፣ ማታ ኮልጌት በብሩሽ ይሁን። የሚነቃነቅ ጥርስና የተጎዳ ድድ ላይ ግን ደረቅ እንጨት አይጫኑበት። በከሰል ወይም በአመድ መፋቅም ጥርሱን ይፈገፍገዋል፣ ይቅር።

በጥርስና በጥርስ መካከል ለሚገባው ነገር የጥርስ ክር ወይም ቀጫጭን የመሃል ብሩሽ የከተማ ፋርማሲ ውስጥ ታገኛላችሁ። ስቴኪኒ ከሆነ ደግሞ በቀስታ። በመርፌና በሚስማር ድድ የሚጎረጉሩ አሉ፤ ይህን ያያችሁ እንደሆነ ቀሙ።

የቆራቢዎችን ነገር ለይቼ ልናገር። ብዙ እናቶችና አባቶች ሊቆርቡ በሚያስቡበት ቀን ጠዋት አፋቸውን ምንም አያስነኩም፣ ከቆረቡ በኋላም ምራቅ መትፋት አይፈቅዱም። ይህን መጋፋት አያስፈልግም። የማታውን ፍቂያ አጥብቃችሁ ያዙላቸው፤ ንጹህ አፍ ይዘው ካደሩ የጠዋቱ ቢቀር ብዙ አይጎዳም። በሌላው የጾም ቀን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው አፉ ስለሚደርቅ ጠዋት መፋቁ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ውኃ እንዳይገባ ከተጨነቁ ካህናቸውን ያማክሩ፣ ብሩሹን በጣም ትንሽ አርጥቦ መፋቅም ይቻላል።

ምግብ ላይ የምናገረው አጭር ነው። ጥርስ ሲያስቸግር ሰው ወደ ለስላሳና ጣፋጭ ይሸሻል፦ ዳቦ በሻይ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ። አፍ ሲደርቅ ከረሜላ መምጠጥ በተለይ ጥርስ ይፈጃል። የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ ይጎዳል፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት ከሚሉ ከምግብ ጋር ጠጥተው ቢጨርሱት ይሻላል። ማርም ስኳር ነው፣ የጎጃም ማር ቢሆንም። ማኘክ ላቃታቸው ደግሞ እንቁላል፣ አይብ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ የባቄላ ክክ፣ የተከተፈ ጎመን፣ ድንች፣ ገንፎ፣ ሽሮ ፍትፍት አቅርቡ። ቆሎና ጥሬ ለሚወዱ ጠጠሩን በደንብ ልቀሙላቸው። አንዲት ጠጠር ያረጀ መንጋጋ ትሰነጥቃለች።

ሲያም ምን ይደረግ?

ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ይጉመጥመጡ፤ የድዱን ሕመም ያስታግሳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይወሰዳል፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ከሲታ ወይም ጉበታቸው የታመመ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፣ ባለሙያ ጠይቃችሁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ለአዛውንት ቀልድ አይደሉም፤ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። ከመድኃኒት ቤት ዝም ብላችሁ ገዝታችሁ አትስጡ።

ቅርንፉድ ለጊዜው ማደንዘዙ እውነት ነው፣ ቀዳዳውን ግን አይዘጋም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ድድ ላይ ማሰር ድዱን ያቃጥላል። አስፕሪን ጥርስ ላይ ማድረግም ያቃጥላል። አረቄ መያዝ፣ በእምቧይ ጭስ መታጠን ጥርሱን አያድንም፤ ጊዜ ያስበላል እንጂ። አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሦስት ቀን ውጦ መተውም እንደዚያው ነው። መግል የያዘ ጥርስ መግሉ ካልወጣ፣ ወይ ጥርሱ ካልታከመ ወይ ካልተነቀለ፣ በኪኒን ብቻ አይድንም፤ ይመለሳል። ገበያ ላይ ወይም ሰፈር ውስጥ ጥርስ የሚነቅሉ የልምድ ሰዎች ጋ በፍጹም አትውሰዷቸው። ያልተቀቀለ መሣሪያ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል፣ ደም ቢፈስም የሚያቆም የለም።

አሁኑኑ የምትሮጡበት ሁኔታ አለ፦ ከአገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ እብጠት ከመጣ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ካለ። ይህ የጥርስ መግል ወደ አንገት እየወረደ ነው ማለት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ የመተንፈሻ ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። ነገ ይሻላቸዋል አይባልም። ሌሊትም ቢሆን፣ መኪናም ባይገኝ በተገኘው።

ወዴት ይኬዳል፣ ምን ተይዞ?

ባህር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስም ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ አለ። ፍኖተ ሰላምና እንጅባራም ጠቅላላ ሆስፒታሎች አሏቸው። በየትኛውም ቦታ የጥርስ ባለሙያው የሚገባበትን ቀንና የሚሰጠውን አገልግሎት አስቀድማችሁ በስልክ ወይም በሰው አረጋግጡ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር አዛውንት አሳፍሮ መጥቶ «ዛሬ የለም» መባል ልብ ይሰብራል፣ በተለይ መንገዱ በሚያስቸግርበት ጊዜ። አንዳንድ ቦታ የሚሠራው መንቀል ብቻ ነው። ስለዚህ «ትሞላላችሁ? ታጥባላችሁ? ወይስ መንቀል ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሊሞላ የሚችል ጥርስ መሙያ ስለሌለ ብቻ እንዳይነቀል፣ ሌላ ቦታ ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ደብተሩን ያዙ። ይህ መድህን በ2003 ዓ.ም ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበረች፤ ብዙ ገበሬ ቤት ደብተሩ አለ። ግን መንገዱን ተከተሉ፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ መሄድ ከኪስ ሊያስከፍል ይችላል። ሰው ሰራሽ ጥርስ ደግሞ በመድህኑ አይሸፈንም፣ አስቀድማችሁ እወቁት።

ለሐኪሙ የሚነገረውን በወረቀት ጻፉ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው ያዙ። በተለይ እነዚህን አትርሱ፦ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ማለትም ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፤ የስኳር መድኃኒት፤ በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ ልብ ወይም የተቀየረ የልብ በር፤ ለካንሰር ወይም ለአጥንት መሳሳት የተወሰደ እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ያለ መርፌ። ደም የሚያቀጥነውን በራሳችሁ ማስቆም አደገኛ ነው፤ ጥርስ ለመንቀል ሲባል ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ዋርፋሪን ከሆነ ሐኪሙ የደም መርጋት ምርመራ አሠርቶ ይወስናል። የልብ በር ላይ ችግር ያለበት ሰው ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል። ዞሌድሮኒክ አሲድ የወሰደ ሰው ደግሞ ሲነቀል የመንጋጋው አጥንት ላይድን ስለሚችል ሐኪሙ ሳያውቅ መነቀል የለበትም።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ቁርሳቸውን ይብሉ፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው ይውሰዱ። ባዶ ሆድ መምጣትና ስኳር ወርዶ ወንበር ላይ መውደቅ ያለ ነው። ግፊታቸው ከ180 በ110 በላይ ከሆነ ሐኪሙ አስቸኳይ ያልሆነውን ሊያዘገየው ይችላል፣ አትናደዱ። ቆራቢ ከሆኑ የመንቀያውን ቀን ከቁርባኑ ቀን አርቁት፤ ደም እስኪቆምና ቁስሉ እስኪረጋ ብዙዎቹ አይቆርቡም።

ከተነቀለ በኋላ ጎዙን (የቁስል ጨርቁን) 30 ደቂቃ ያህል ነክሰው ይያዙ። በዚያ ቀን መትፋት፣ መጉመጥመጥ፣ ትኩስ ቡና፣ አረቄ፣ ሲጋራ የለም። ቀዳዳው ውስጥ የረጋው ደም መድኃኒቱ ነው፣ እሱ ከወለቀ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ጨው ውኃው በማግስቱ ይጀመር። ምራቅ ላይ ትንሽ ደም መታየቱ አያስደነግጥም፤ አፍ ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ንጹህ ጎዝ አጥብቀው እየነከሱ ይመለሱ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሕመሙ እንደ አዲስ ብሶ ጆሮ ድረስ ከወጣም እንደዚሁ።

ጥርሱ ካለቀስ?

ካለቀም ተስፋ መቁረጥ የለም። ሁለት ሦስት ጥርስ ለጎደለው ከጎን ጥርስ ጋር የሚያያዝ፣ የሚወልቅ ከፊል ጥርስ ወይም የማይወልቅ ድልድይ ይሠራል፤ ምንም ለሌለው ሙሉ ሰው ሰራሽ ጥርስ አለ። አጥንት ውስጥ የሚተከለው በጣም ውድ ነው፣ ለአብዛኛው አዛውንት የሚወልቀው ይበቃል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱና አጥንቱ እየሟሸሸ ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ የተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት ተጠብቆ ይለካል። ለመንገደኛ ጥርስ ሠሪ፣ ወይም «ሥሩን ሳልነቅል ላዩ ላይ ልሥራላችሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። ከሥሩ የቀረ የበሰበሰ ጥርስ ይመግላል።

መጀመሪያ ይቆረቁራል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ንግግር ይኮላተፋል። ብዙዎች እዚህ ላይ አውልቀው ሳጥን ውስጥ ይከቱታል፤ ያ ሁሉ ብር እዚያው ይቀራል። የሚቆስል ቦታ ካለ ተመልሰው ያስሞርዱት፣ አንድ ሁለት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። ቤት ውስጥ በቢላ አትሞርዱት። በለስላሳ ነገር ይጀምሩ፣ በሁለቱም በኩል ያኝኩ። ማታ ማታ አውልቀው በብሩሽና በሳሙና ይጠቡት፤ ኮልጌት ይፍቀዋል፣ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ሲያጥቡት ከሥር ውኃ ያለበት ሳፋ ወይም ፎጣ ይኑር፤ ከእጅ ወድቆ ሲሚንቶ ላይ ይሰበራል። ሌሊቱን በንጹህ ውኃ ውስጥ ይደር። ሳያወልቁ የሚያድሩ ሰዎች ላንቃቸው ቀልቶ ፈንገስ ያበቅላል። ጥርስ ባይኖርም ድድና ምላስ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዓመታት በኋላ መላላቱ ጥርሱ ተበላሽቶ ሳይሆን ድዱ ስለቀነሰ ነው፤ ከሥሩ ሊደረብለት ይችላል።

አልጋ ላይ ለዋሉት

ስትሮክ የመታቸው፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው፣ ከአልጋ የማይነሱ ሰዎች አፍ የአስታማሚው ሥራ ነው። ሰውነታቸውን እያጠብን አፋቸውን እንረሳለን። የቆሸሸ አፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከምራቅና ከምግብ ጋር ትን ሲላቸው ወደ ሳንባ ይወርድና የሳንባ ምች ያመጣል፣ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ደግሞ የሳንባ ምች ከባድ ነው።

ጀርባቸውን በትራስ ደግፋችሁ ቀና አድርጓቸው፤ ካልተቻለ በጎናቸው አስተኟቸው እንጂ በጀርባቸው ተንጋለው አፋቸው ውስጥ ውኃ አታፍስሱ። ፎጣ ከአገጭ ሥር። ብሩሹን በውኃ አርጥባችሁ አራግፉት፣ በአተር ፍሬ ልክ ኮልጌት አድርጉ፣ ከፊት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የምታደርጉትን ንገሯቸው፤ የማይመልሱ ቢሆንም ይሰማሉ። አረፋውን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። የሚነክሱ ከሆነ ጣታችሁን በጥርስ መካከል አታስገቡ፣ ጉንጩን በብሩሹ ጀርባ ገለጥ አድርጉ። ከንፈር ከደረቀ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሰው ሰራሽ ጥርስ ካላቸው አውጥታችሁ እጠቡት፣ ራሳቸውን የማያውቁ ከሆነ ጭራሽ አታስገቡት፤ ሊያንቃቸው ይችላል።

ካበላችኋቸው በኋላ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረ ፍትፍት ካለ እዩና አውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ቀና እንዳሉ ይቆዩ። ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ፣ ወይም ሳልና ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ባለሙያው ደረታቸውን ሲያዳምጥ አፋቸውንም ከፍቶ እንዲያይላችሁ ጠይቁ።